ተቋራጩ «ገጠር ስለሆነ ኢንስፔክሽን አይጠየቅም» ካለ

ከዳላስ ወጣ ብሎ፣ ከየትኛውም ከተማ ወሰን ውጭ ባለ መሬት ላይ ቤት የሚያሠሩት ወንድማችን፣ ተቋራጩ «ገጠር ስለሆነ ኢንስፔክሽን አይጠየቅም» እንዳላቸው ገልጸው እውነት መሆኑን ጠይቀዋል። በቴክሳስ ፈቃድ ይዤ አዳዲስ ቤቶችን ስመረምር የኖርኩ በመሆኔ የማውቀውን እነግርዎታለሁ።

የተባሉት በከፊል እውነት ነው። ካውንቲዎች (ግዛቱ የተከፋፈለባቸው የአስተዳደር ወረዳዎች) እንደ ከተሞች የራሳቸውን የሕንፃ ተቆጣጣሪ ወደ ግንባታው ቦታ መላክ አልለመዱም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የቴክሳስ ሕግ፣ ኮሚሽነርስ ኮርት የሚባለው የካውንቲው ጉባኤ በውሳኔ ከተቀበለው፣ ከከተማ ወሰን ውጭ የሚሠራ አዲስ መኖሪያ ቤት ቢያንስ 3 ጊዜ እንዲመረመር ያስገድዳል፤ ይኸውም የመሠረቱ ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት፣ የእንጨት አጽሙ፣ ቧንቧውና የኤሌክትሪክ መስመሩ በድራይዎል (በውስጥ ግድግዳ የጂፕሰም ሰሌዳ) ከመሸፈናቸው በፊት፣ እንዲሁም ሥራው ሲጠናቀቅ ነው። ስለዚህ አስቀድመው ወደ ካውንቲው ደውለው ውሳኔው መተላለፉን ያረጋግጡ። ከተላለፈ፣ ተቋራጩ ግንባታ ከመጀመሩ በፊት ለካውንቲው የማሳወቅ፣ ከመጨረሻው ምርመራ በኋላም በ10 ቀን ውስጥ ቤቱ የግንባታ ደንቡን (ኮዱን) ማሟላት አለማሟላቱን ለካውንቲውና ለእርስዎ በጽሑፍ የመግለጽ ግዴታ አለበት።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ምርመራውን የማስደረጉ ኃላፊነት የተቋራጩ በመሆኑ መርማሪውን የሚመርጠውም ራሱ ነው። መርማሪው መሐንዲስ፣ አርክቴክት ወይም ከቴክሳስ ሪል እስቴት ኮሚሽን ፈቃድ ያገኘ ባለሙያ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኞቹም ሥራቸውን በታማኝነት የሚሠሩ ናቸው። ቢሆንም ለእርስዎ ብቻ የሚሠራና ሪፖርቱን በቀጥታ ለእርስዎ የሚሰጥ ሰው እንዲቀጥሩ አጥብቄ እመክራለሁ። ባንኩ የሚልከው ገማች የቤቱን ዋጋ ይተምናል እንጂ የግንባታውን ጥራት አይመረምርም።

ገንዘብ አጥሮዎት በራስዎ መርማሪ ከ3ቱ ደረጃዎች አንዱን ብቻ ማስመርመር ቢችሉ የመጀመሪያውን፣ የመሠረቱን፣ ይምረጡ። የዳላስ አካባቢ ጥቁር አፈር እንደ አገራችን መረሬ ዝናብ ሲጠግብ ያብጣል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ካልተስተካከለ ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ በሮችም አልገጥም ይላሉ። በዚህ አፈር ላይ ብዙ ቤቶች የሚያርፉት ኮንክሪቱ ከጠነከረ በኋላ በሚወጠሩ የብረት ኬብሎች በተጠናከረ ወለል ላይ ነው። መርማሪው ኬብሎቹ መሬት ላይ ሳይተኙ በመደገፊያቸው ከፍ ብለው መታሰራቸውን፣ የእርጥበት መከላከያው ፕላስቲክ አለመቀደዱን፣ የተቆፈሩት ቦዮችም የመሐንዲሱን ጥልቀት ማሟላታቸውን ያያል። ዝናብ ከጣለ በኋላ በቦዮቹ ውስጥ ጭቃና ውሃ ተኝቶ ኮንክሪት ጫኙ መኪና በር ላይ ሲጠብቅ ያጋጥማል፤ ያኔ «ይቁም» ማለት የሚችል ሰው ሊኖርዎት ይገባል፤ ከፈሰሰ በኋላ ከውስጡ ያለውን ማየት አይቻልምና።

ሴፕቲክ ታንኩ (የቤቱ ፍሳሽ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ) የራሱ ፈቃድና ምርመራ ስላለው ከቤቱ ምርመራ ጋር አያምታቱት።

ውሉን ፈርመው ከሆነም ተጨማሪ ስምምነት ይጠይቁ። መርማሪዎ በየደረጃው እንዲገባ መፈቀዱ፣ ኮንክሪት ከመፍሰሱና ድራይዎል ከመለጠፉ ቢያንስ 2 ቀን ቀደም ብሎ እንዲነገርዎ፣ የመጨረሻው ክፍያም የምርመራው ሰነድ ቅጂ በእጅዎ ሲገባ ብቻ እንዲፈጸም በጽሑፍ ይስፈር።