የይለፍ ቃል ማደስ የሚናቅ ሥራ ነውን?

ውድ እኅቴ፣

በኮምፒውተር ሳይንስ ልትመረቂ ሁለት ወር እንደቀረሽ፣ የሳይበር ደኅንነት ባለሙያ ለመሆን እንደምትመኚ፣ አንድ ድርጅት በቴክኒክ ድጋፍ ሠራተኛነት ሊቀጥርሽ እንደሚፈልግ፣ አባትሽ ግን «አራት ዓመት የተማርሽው የሰው የይለፍ ቃል ልታድሺ ነው ወይ?» በማለት ሥራውን ትተሽ እርሳቸው በሚበደሩት ገንዘብ ሲአይኤስኤስፒ ለተባለው የሳይበር ደኅንነት ባለሙያዎች ሰርተፍኬት እንድትዘጋጂ እንደሚሹ ጽፈሽልኛል። ማልዌር፣ ፊሺንግ፣ ራንሰምዌር፣ ዲዶስ እያልሽ የጥቃት ዓይነቶችን በቃልሽ ብትይዢም አንዱንም በዓይንሽ አለማየትሽን መግለጽሽ ደብዳቤሽን ደግሜ እንዳነበው አድርጎኛል።

ሥራውን ተቀበዪ። እኔም በዚያው ወንበር ሦስት ዓመት ተቀምጫለሁ። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጅ ነኝ ያለ ሰው ደውሎ ስብሰባ ሊገባ መሆኑን እየነገረ የይለፍ ቃሉን ቶሎ እንዳድስለት ሲያጣድፈኝ፣ በሠራተኞች መዝገብ ላይ ባለው ቁጥር መልሼ ልደውልልዎ ስለው ስልኩን ዘጋው። አባትሽ የናቁት እድሳት፣ አጥቂዎች ሰውን አታልለው ወደ ድርጅት ሲስተም ለመግባት አዘውትረው ከሚሞክሯቸው መንገዶች አንዱ ነው።

የተቀሩት ጥቃቶችም ከዚህ ወንበር ብዙ አይርቁም። ዋናክራይ የተባለው፣ ፋይሎችን ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቅ ራንሰምዌር እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ኮምፒውተሮችን ሲቆልፍ፣ የተጠቀመበትን የዊንዶውስ ክፍተት የሚደፍነውን ማሻሻያ ማይክሮሶፍት ካወጣው ሁለት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀናት ብቻ ቀርተውት ነበር፤ ማሻሻያው በየትኛው ማሽን ላይ እንዳልተጫነ የሚያውቀው ደግሞ እየዞረ የሚጭነው ሰው ነው። በ2021 ኮሎኒያል ፓይፕላይን የተባለውን የአሜሪካ የነዳጅ ማስተላለፊያ ድርጅት የደፈሩት አጥቂዎች የገቡት፣ ማንም በማይጠቀምበት፣ ከይለፍ ቃል ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ በማይጠይቅ፣ ከርቀት ወደ ድርጅቱ ኔትወርክ በሚያስገባ የቪፒኤን አካውንት ነበር። ድርጅቱ መስመሩን ዘግቶ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቤዛ ከፈለ። ያን አካውንት አስቀድሞ መዝጋት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነበር።

ስለ ብድሩ ግን አባትሽን ሳላከብር ቀርቼ ሳይሆን ልክ ስላልሆኑ በግልጽ እናገራለሁ። ሲአይኤስኤስፒ ፈተናውን ላለፈ ሁሉ የሚሰጥ አይደለም፤ ሙሉ ማዕረጉን ለማግኘት በደኅንነት ዘርፍ የአምስት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቃል፣ አግባብ ያለው ዲግሪም ከዚህ ላይ አንድ ዓመት ብቻ ያስቀንሳል። ስለዚህ አባትሽ የሚበደሩት ገና ልትይዢው ለማትችይው ማዕረግ ነው፤ ዕዳውን ደግሞ ደመወዝ ሳይኖርሽ ከመክፈል ማንም አያድንሽም።

በደብዳቤሽ ስለ ሒሳብና ስለ እንግሊዝኛም ሥጋትሽን ገልጸሻል። የሒሳብ ድክመትሽ ምስጢራዊ ኮዶችን የሚቀምር ተመራማሪ ለመሆን ካላሰብሽ አያሳስብሽ። እንግሊዝኛሽ በሥራው ላይ ይሻሻላል።

ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ግን በአካውንት አስተዳደርና በማሻሻያ ጭነት ላይ እንዲያሠሩሽ ጠይቂ፤ እሺ ካሉሽ ያንኑ በሥራ ዝርዝርሽ ውስጥ በጽሑፍ ያስገቡልሽ።