የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ባሕር ዳርን በኤሌክትሪክ ብስክሌት፣ ካሜራ ይዞ

«እኔና ባለቤቴ ከደሴ ለሦስት ቀን ባሕር ዳር እንመጣለን። በኤሌክትሪክ ብስክሌት ከአስጎብኚ ጋር ዞረን ፎቶ ልናነሳ አስበናል። የተላከልን ፕሮግራም ጠዋት 3፡00 ተነስቶ ጊዮርጊስን፣ የሐይቁን ዳር፣ ገበያውንና የዓባይን ድልድይ አሳይቶ 7፡00 ላይ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ይጨርሳል። ጥሩ ነው ትላላችሁ?»

ለብስክሌት ደህና ነው፤ ለፎቶ ግን ተገልብጧል። ከ3፡30 በኋላ ፀሐይ ወደ አናት ትጠጋለች። የሰው ዓይን በቅንድቡ ጥላ ይዋጣል፣ ሐይቁም የቆርቆሮ ጣሪያ ይመስላል። በ7፡00 ቤዛዊትን መውጣት ደግሞ ትርፉ ላብ ብቻ ነው።

መጀመሪያ አቅጣጫውን ይያዙ። ጣና ያለው ከከተማው በስተሰሜን ነው። ዳሩ ላይ ቆመው ፊትዎን ወደ ውኃው ሲያዞሩ ፀሐይ በቀኝዎ ወጥታ በግራዎ ትጠልቃለች፤ ጠዋትም ማታም ብርሃኑ ከጎን ነው ማለት ነው። ቤዛዊት ግን ከከተማው በስተደቡብ ምሥራቅ ናት። ከላይ ሆነው ከተማውንና ሐይቁን ሲያዩ የጠዋት ፀሐይ ከጀርባዎ ትሆንና ዘንባባውን፣ ጣሪያውን፣ ውኃውን ሁሉ ፊት ለፊት ታበራልዎታለች። ማታ ነገሩ ይገለበጣል፤ ፀሐይዋ ከከተማው ጀርባ ስለምትሆን የሚያገኙት ጥላ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንዲህ አስለውጡ። ፀሐይ በጥር 12፡45 ገደማ፣ በሰኔ 12፡05 ገደማ ትወጣለች። ከመሃል ከተማ ቤዛዊት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ከፀሐይ መውጫ 30 ደቂቃ ቀድመው ይነሱ። እላይ ከደረሱ በኋላ አርባ ደቂቃ ይበቃል። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ እዚያ ያለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ጥበቃ አለበት። ካሜራዎን ወደ ወንዙና ወደ ሐይቁ እንጂ ወደ ግቢው አያዙሩ፤ ካስፈለገ ጠባቂዎቹን አስቀድሞ የሚያነጋግረው አስጎብኚው ነው።

ከዚያ ወደ ዓባይ ድልድይ ይወርዳሉ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት አለው። ወንዙ ከሐይቁ የሚወጣበትን አፍ ሲያዩ ፊትዎ ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው፤ እስከ 2፡00 ድረስ ብርሃኑ ይረዳዎታል። ብስክሌቱን ከመኪና መስመር አውጥተው ያቁሙ። ዕድል ከቀናዎት ጉማሬ ይወጣል፤ በስልክ ግን ከውኃው በላይ ያለ ጥቁር ድንጋይ መስሎ ነው የሚቀረው፣ ብዙ አይድከሙበት።

የሐይቁን ዳር ከ2፡00 እስከ 3፡00 ያድርጉት፤ ዓሣ የሚጸዳበት አካባቢ ይብራዎች (ፔሊካኖች) የሚሰበሰቡት ጠዋት ነው። ጊዮርጊስና ገበያው መጨረሻ ይሁኑ፤ ሁለቱም ጥላ አላቸው። በጊዮርጊስ ግቢ ያለው፣ ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ እንዳሠራው የሚነገርለት የድንጋይ ፎቅ በዛፍ ጥላ ውስጥ ስለሆነ ረፋድ ላይም ይነሳል።

ማታውን ለብቻ ይያዙት፤ ከ11፡00 እስከ 12፡40። ፀሐይ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ምዕራብ ስለምታዘነብል ከሕንፃዎች ጀርባ ትገባለች። ወደ ሰኔ ሲጠጋ ወደ ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት አቅጣጫ፣ ውኃው ላይ ትጠልቃለች። ሰኔ ደግሞ ደመና ነው። ስለዚህ ፀሐይ ውኃው ላይ ስትገባ ማንሳት የፈለገ ሚያዝያ መጨረሻና ግንቦት ቢመጣ ይሻለዋል። ከደንገል የሚሠራውን ታንኳ ማንሳት ያለብዎትም ማታ ነው። ቀዛፊው ብድግ ብሎ ረጅሙን መቅዘፊያ ሲያነሳ እንጂ ሲነክር አይጫኑት፤ መቅዘፊያው ከውኃው ካልተለየ ሰውየው ግንድ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ዳር ላይ ተገትረው የቆሙ ታንኳዎች ካዩም የተጣሉ አይደሉም፤ ደንገሉ ውኃ ስለሚጠጣና ስለሚከብድ ፀሐይ ላይ እየደረቁ ነው። ሰው የማይሞላው ጥሩ ፎቶ እዚያ አለ።

«ባለፈው ዙር ላይ ባትሪዬ ሁለት መስመር እያሳየ ዳገት መሃል ድንገት ጠፋ። ሜዳ ላይ ስደርስ ራሱ ተነሳ። ባትሪው ሞቷል ወይስ ሠሪው ነው ያታለለኝ?»

ሁለቱም ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ባለ 36 ቮልት፣ 10 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ነው። ቢባዛ 360 ዋት-ሰዓት ይሆናል፤ ከዚህ በምቾት የሚሠራው 300 ያህሉ ነው። ሲሞላ 42 ቮልት ያሳያል፤ 30 ወይም 31 ሲደርስ መቆጣጠሪያው ራሱን ያጠፋል። ዳገት ላይ ሞተሩ ብዙ አምፒር ሲስብ ቮልቱ ለጊዜው ወደ ታች ይወርዳል። ባትሪው 35 ላይ ከነበረና በሸክም 4 ቮልት ከወረደ፣ መስመሩ ሁለት ቢያሳይም ይጠፋል። ሸክሙ ሲቀል ቮልቱ ይመለሳል። የእርስዎ ብስክሌት የሆነው ይኸው ነው።

መስመሮቹን አይመኗቸው፤ ማሳያው ቮልት የሚያወጣ ከሆነ እሱን ያንብቡ። ከቆሙ በኋላ 36 ቢያሳይ ከግማሽ በታች ነዎት፤ ቤዛዊትን አይሞክሩ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሜዳ ላይ፣ የሞተሩን የእገዛ ደረጃ 2 ላይ አድርገው ፔዳል እየመቱ፣ በኪሎ ሜትር 10 ዋት-ሰዓት ያህል ይሄዳል። ፔዳል ሳይመቱ በእጅ ጋዝ ብቻ ከሄዱ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሰው፣ ብስክሌትና ቦርሳ ተደምረው 100 ኪሎ ሲሆኑ ደግሞ እያንዳንዱ 100 ሜትር ከፍታ በላዩ ከ30 እስከ 40 ዋት-ሰዓት ይበላል። ባሕር ዳር ከቤዛዊት በቀር ሜዳ ስለሆነች 25 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የጠዋት ዙር በአንድ ባትሪ ይጠናቀቃል፤ ዳገቱ መጀመሪያ ላይ ከሆነ። ባትሪውም ብርሃኑም ቤዛዊትን አስቀድሙ ማለታቸው ደስ ይላል።

ዳገቱን ከመጀመርዎ በፊት ማርሹን ያቅልሉ። በከባድ ማርሽ ሲያዘግሙ የኋላው ሞተር ቀስ ብሎ እየዞረ ጉልበቱን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ፍጥነቱ ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ከወረደ ወርደው ይግፉ። ሞተሩን በእጅዎ መንካት ካልቻሉ አሥር ደቂቃ ያሳርፉት።

ሲመለሱ ወዲያው አይሰኩ፤ ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ። በ2 አምፒር ቻርጀር ከባዶ ሙሉ ለመሆን ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆኑ ሌሊቱን አይጠብቁ፤ ከሰዓት ጀምረው ይሙሉ። ለሳምንታት ሳይነዱት የሚቆዩ ከሆነ ግማሽ አድርገው ያስቀምጡት እንጂ ሞልተው አይተዉት።

«ፎቶ ላይ ጓደኞቼ ጠቁረው፣ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ነጠላ የለበሰች እናት ሳነሳ ደግሞ ነጠላዋ ብቻ ይታያል። ስልኬ ነው ችግሩ?» (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ)

ስልክሽ አይደለም። ስልኩ ከፊቱ ያለውን ብርሃን አማካይ ያወጣል፤ ሰማይና ሐይቅ ሲበዙ ፊቱን ያጠቁራል። ፊቱን በጣትሽ ነክተሽ ያዢ፣ ከዚያ የፀሐይዋን ምልክት ትንሽ ወደ ላይ ሳቢ። ለነጠላ ተቃራኒውን አድርጊ፤ ፊቷን ነክተሽ ወደ ታች ሳቢ፣ የጥበቡ ክር እስኪለይ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቦታ መቀየር ነው። በዛፍ ጥላ ጫፍ ላይ፣ ክፍት ሰማይ ወዳለበት ፊቷን አዙሪያት፤ ፊትና ነጠላ ይታረቃሉ።

ካሜራና ፖላራይዘር ማጣሪያ (ሌንስ ላይ የሚገጠም፣ ነጸብራቅ የሚቀንስ መስተዋት) ካለሽ፣ ማጣሪያው ሰማዩን ይበልጥ የሚያደምቀው ከፀሐይ በ90 ዲግሪ ሲሆን ነው። ሐይቁ በስተሰሜን ስለሆነ ጠዋትና ማታ ይህ ቦታ ራሱ ይመጣልሻል። እያዞርሽ እይው፤ የውኃው ነጸብራቅ ይጠፋና ከሥሩ ያለው ሣር ይታያል። በሰፊ ሌንስ ግን አትጠቀሚበት፤ ሰማዩ ግማሹ ጠቁሮ ግማሹ ፈዝዞ ይወጣል።

ጓደኛሽ በብስክሌት ሲያልፍ ከጀርባው ያለው ተስቦ እንዲታይ ከፈለግሽ 1/30 ሰከንድ አድርጊና ከወገብሽ እየዞርሽ ተከተይው፤ እሱ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ይሂድ። ከአሥሩ ሁለቱ ቢሳካ ጥሩ ነው። ለሚበር ይብራ 1/1000 እና ከዚያ በላይ። ስልኩን መሪው ላይ አስረሽ አትሂጂ፦ ኮብልስቶን ላይ የሚደርሰው ንዝረት የካሜራውን ሌንስ የሚያረጋጋውን ትንሽ አካል ሊጎዳው ይችላል። ንዝረት የሚውጥ ማሰሪያ ከሌለሽ በደረት ቦርሳ ያዢው።

«አስጎብኚ ነኝ፤ ስድስት ሰው ይዤ ስወጣ ሁሌም አንዱ ከሌላው ጋር ይጋጫል። ብስክሌቶቹ አዲስ ናቸው።»

አዲስ መሆናቸው ብዙ አያድንም። ርካሽ ሞዴሎች ላይ ያለው የፔዳል ሴንሰር መዞሩን እንጂ የእግርን ጉልበት አይለካም። ሰውየው ፔዳል ካቆመ በኋላ ሞተሩ ለአፍታ ይገፋል፤ ሲጀምርም ዘግይቶ በድንገት ይስባል። አንተ «ፎቶ!» ብለህ ቀጥ ስትል ከኋላህ ያለው ገና እየተገፋ ነው።

ከመነሳትህ በፊት ባዶ ሜዳ ላይ አሥር ደቂቃ አስለምዳቸው። እግር ከማቆማቸው በፊት ፍሬኑን በቀስታ ይንኩ፤ አብዛኛው ፍሬን እጀታው ሲነካ ሞተሩን ይቆርጣል። ይህንን ግን ብስክሌቱን አንስተህ የኋላውን ጎማ አየር ላይ እያዞርህ አንድ በአንድ ፈትሽ፤ ሽቦው የተነቀለ ብዙ ነው። በቆመ ብስክሌት ላይ ሲወጡ እገዛው 0 ይሁን። መንገድ ላይ በመሃላቸው 10 ሜትር ይተዉ፤ ባጃጅ ተሳፋሪ ባየችበት ቦታ ሁሉ እንደምትቆም ታውቃለህ። ለማቆም 50 ሜትር ሲቀርህ እጅህን አንሳ፣ ከአስፋልት ከወጣህ በኋላ እንጂ ሳትወጣ አትቁም። ከኋላ የሚዘጋ ሁለተኛ ሰው ከሌለህ ስድስት ይበዛብሃል፤ አራት ያዝ። ደወልም አትርሳ፤ ሞተሩ ድምፅ ስለሌለው አህያ የሚነዳ ሰው አይሰማህም።

«በዚያው ጢስ ዓባይ መድረስ ይቻላል?»

በአንድ ባትሪ አይቻልም። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ደርሶ መልስ 60 ነው፤ 300 ዋት-ሰዓት መመለሻ አይተርፈውም። ብስክሌቱ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ስለሚመዝን ባትሪ ሲያልቅ በእግር መግፋቱ ቀልድ አይደለም። በመኪና ይሂዱ፤ የመንገዱንም ሁኔታ በዕለቱ ጠይቀው ይነሱ። ፏፏቴው የሚያምረው ከነሐሴ እስከ መስከረም መጨረሻ ነው። በበጋ የሚቀንሰው ውኃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚሄድ ጭምር ነው፤ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮም የበለስ ማመንጫ ከሐይቁ በቀጥታ ይወስዳል። ለዘጌ ብስክሌቱን ከተማ ትተው በጀልባ ይሻገሩ።

«የኋላ ጎማ በእሾህ ቢፈነዳ ሞተሩን ማን ይፈታል?»

ማንም አይፍታ። የአክስሉ ብሎን ባለ 18 ቁልፍ ይፈልጋል፤ ገመዱም አለ፤ ሲመለስ የማቆሚያው ዋሸር በተቃራኒ ከገባ ሞተሩ አክስሉን ያዞርና ገመዱን ይበጥሳል። ለአንዲት የግራር እሾህ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ሞተሩን አጥፍተው ብስክሌቱን በጎኑ ያስተኙት፣ ካቴናው ወደ ላይ ይሁን። ገልብጠው አያቁሙት፤ ማሳያው ይሰበራል። እሾሁን ፈልገው ቦታውን ምልክት ያድርጉ፣ ከቸርኬው አንድ ጎን ብቻ በሁለት መፈልቀቂያ ይክፈቱ፣ የውስጡን ጎማ እዚያ ጋ ያለውን ያህል ብቻ ይሳቡ። በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉ፣ ማስቲሹን ስስ አድርገው ይቀቡና አምስት ደቂቃ ይጠብቁ። እርጥብ እያለ የለጠፈ ሰው ነው ጎሚስታ ጋ ተመልሶ የሚሄደው። ከመዝጋትዎ በፊት የጎማውን ውስጥ በጣት ይዳሱ፤ እሾሁ ብዙ ጊዜ ጫፉን ትቶ ይሄዳል።

«ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፍላሽ ይፈቀዳል?»

አይፈቀድም፣ ባይከለከልም አያስፈልግም፤ ሥዕሉ ላይ ነጭ ነጸብራቅ ብቻ ይተዋል። ጫማዎን ያውልቁ፣ ካሜራውን ከማውጣትዎ በፊት አባን ያስፈቅዱ። በጣና ደሴት ላይ ወዳለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት እንደማትገባም ጀልባ ከመከራየትዎ በፊት ይወቁ።