ፕሮቶታይፕ ለመልመድ ስሪዲ ፕሪንተር ልግዛ ላልሽው

ሰላም እህቴ። የዲዛይን ሶፍትዌር እንደምትችዪ፣ በእጅሽ ግን ምንም ሠርተሽ እንደማታውቂ ጽፈሻል። ፕሮቶታይፕ፣ ማለትም ዋናው ዕቃ ከመሠራቱ በፊት የሚሠራ መሞከሪያ፣ ለመልመድ ስሪዲ ፕሪንተር (ከኮምፒውተር ሥዕል ዕቃ የሚያወጣ ማሽን) መግዛት አለብኝ ወይ ነው ጥያቄሽ። እኔ አሁን አትግዢ ባይ ነኝ። ካርቶን፣ ካተር፣ ኮላና የብረት ማስመሪያ ይበቁሻል።

የካርቶን ትልቁ ጥቅሙ አያሳሳም። ፕሪንተር ላይ ሰዓታት የፈጀ ነገር ለመጣል እጅ እሺ አይልም። ካርቶኑን ግን ቀደሽ ሌላ ትጀምሪያለሽ።

አራት ኪሎ ለሚሠራ አንድ ሊስትሮ ከአንዲት ተማሪ ጋር ሳጥን ስንሠራለት የሆነውን ልንገርሽ። ስክሪኑ ላይ መሳቢያው ወደ ልጁ በኩል ይከፈታል፣ ሲያዩት ያምራል። በትክክለኛ መጠኑ ከካርቶን ሠርተን ወሰድንለት። ልጁ ዱካው ላይ ቁጭ አለና ሳጥኑን ጉልበቶቹ መሃል አስገባው። መሳቢያውን ሲስበው ግማሽ እንኳ ሳይወጣ ሆዱ ጋ ደርሶ ቆመ። ደግሞም ቀለምና ብሩሽ የሚያነሳው ቀና ሳይል፣ በቀኝ እጁ ከጎን ነው። እዚያው ቁጭ ብለን የሳጥኑን ቀኝ ጎን በካተር ከፈትነው። እጁን ሰደደ፣ ቀለሙን አገኘው። ስክሪኑ ላይ ጉልበትም ሆድም ስለሌለ ይህንን የሚነግርሽ የለም።

ስለዚህ ከመቁረጥሽ በፊት አንድ ጥያቄ ካርቶኑ ላይ በማርከር ጻፊ። «እጅ ይገባል ወይ?» «ቁመቱ ይመቻል ወይ?» አንድ ብቻ። ፓልም ፓይለት የተባለውን ኪስ የሚገባ ትንሽ ኮምፒውተር የሠራው ጄፍ ሃውኪንስ መሣሪያው ገና ሳይኖር በልኩ የተቆረጠ እንጨት ኪሱ ከትቶ ይዞር ነበር። ቀጠሮ ሲይዝ እንጨቱን አውጥቶ እንደሚጽፍ ሰው ይነካካዋል። ሰው ይህንን ነገር ቀኑን ሙሉ ኪሱ ይዞት ይውላል ወይ የሚለውን ያ እንጨት መለሰለት። ዕቃው ገበያ ላይ የዋለው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው።

ጥንካሬን ግን ካርቶን አይነግርሽም። ለዚያ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሂጂ። አሮጌ በርሜልና ላሜራ እዚያ ነው ሌላ ዕቃ ሆኖ የሚወጣው። ሥራ ቀለል የሚልበትን ሰዓት ምረጪና «ጋሼ፣ ትንሽ ልይ?» ብለሽ አስፈቅጂ። ከሥዕል ይልቅ ካርቶኑን ስጫቸው። ያገላብጡትና «እዚህ ጋ ብታጥፊው ብየዳ አያስፈልገውም» ይሉሻል። እንዲህ ያለ ምክር ክፍል ውስጥ የሰማሁት በጣም ጥቂት ነው። የጊዜያቸውን ክፈዪ፣ ዝም ብለሽ ፎቶ አታንሺ።

ፕሪንተሩ የሚያስፈልግሽ ሚሊሜትር ዋጋ ሲኖረው ነው። ጥርስ ያለው ማርሽ፣ ተጋጥሞ የሚዘጋ ክዳን፣ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ስትደርሺ። ያኔም በመጀመሪያ ፕሪንተር ላለው ሰው ከፍለሽ አሠሪ።

ምን ለመሥራት እንዳሰብሽ ጻፊልን። ካርቶኑ ቢጣመምም ፎቶውን ለጥፊው፣ የማውቀውን እነግርሻለሁ።