የአባቴ ቮልስ ብርቅ ሆናለች?

ጥያቄ፦ ነፍሳቸውን ይማርና አባቴ በ1960 ዓ.ም. የገዟት ቮልስዋገን እስከ ዛሬ ግቢያችን ውስጥ ቆማለች። በልጅነቴ በከተማችን እንዲህ ያሉ መኪኖች ብርቅ አልነበሩም፤ አሁን ግን አንዲት ሳላይ ወራት ያልፋሉ። ያን ያህል የተመረተ መኪና እንዴት ይጠፋል? ቦሎዋን ማደስስ ይጠቅመናል?
(ከፈረንጅ አራዳ፣ ጅማ)

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ የመኪና ብርቅነት በተመረተው ብዛት ቢለካ ኖሮ የእርስዎ ቮልስ ከሁሉ መጨረሻ በሆነች ነበር፤ ይህ ሞዴል እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ፑብላ ላይ ምርቱ እስኪቆም ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ትክክለኛው መለኪያ ግን ዛሬም በሕጋዊ ምዝገባ ላይ ያሉት ስንት ናቸው የሚለው ነው። በብሪታንያ መንግሥት ይህን ቁጥር በየሞዴሉ ያወጣል፤ ከመንገድ ወጥተው ቆመዋል ተብለው የተመዘገቡትንም ለብቻ ይቆጥራል። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ገደማ ከ600 ሺህ በላይ የተመረተው ኦስቲን አሌግሮ ዛሬ መንገድ ላይ የቀረው በመቶዎች ብቻ ነው። ብዙ የተመረተና ርካሽ መኪና ማንም ይጠፋል ብሎ ስለማይሳሳለት ከውድ መኪና ቀድሞ ያልቃል።

አጠፋፉም ፍጥነቱ አንድ ዓይነት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚወጡት በአደጋ የተጎዱት ጥቂቶች ናቸው፤ የጥገናው ዋጋ ከመኪናው ዋጋ የበለጠ ዕለት ግን ባለቤቶች በአንድ ጊዜ ይተዉታል፣ የአንዱ በርና ማርሽም የሌላው መለዋወጫ ይሆናል። ጥቂቶች ብቻ ሲቀሩ የሚይዟቸው የሚወዷቸው ሰዎች ስለሆኑ ቅነሳው ይረግባል።

በእኛ አገር ነገሩ የተለየ ነው። መኪና ውድ ስለሆነ ማንም ቶሎ ወደ ቁርጥራጭ ብረት አይልክም፤ ሞተሩ ይቀየራል፣ ላሜራው ይበየዳል፣ ካልሆነም ግቢ ውስጥ ይቆማል። ስለዚህ ከብረቱ በፊት የሚሞተው ወረቀቱ ነው። ቦሎው ሳይታደስ ዓመታት ያልፋሉ፣ ባለቤቱ ያርፋሉ፣ ሊብሬው በሟች ስም እንደተቀመጠ ይቀራል፤ መኪናው በአካል እያለ በሕግ ፊት የለም ማለት ነው። እኔን ከዝገቱ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ዝገትን ባለሙያ ያስተካክለዋል፣ የጠፋ ሰነድ ግን ቤተሰብን ለዓመታት ያንከራትታል።

ስለዚህ ከቦሎው በፊት የወራሽነት ማስረጃውን ከፍርድ ቤት አውጥተው ሊብሬውን በወራሽ ስም ያዛውሩ፤ ቦሎው ዓመታዊውን የቴክኒክ ምርመራ ስታልፍ ይከተላል። ወደ ምርመራ ከመውሰድዎ በፊት ግን የኋላ ወንበሯን ያንሡ። በስተቀኝ ባትሪው አለ፤ አሲዱ ወለሉን በልቶት እንደሆነ በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ጫን ብለው ይሞክሩት፣ በተለይ እንደ ጅማ ዝናብ በማያጣው አገር። መሐል ላይ ባለው ከፍ ያለ ጉብታ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ተቀርጿል። በጨርቅና በትንሽ ናፍጣ ሲያጸዱት ሦስተኛው አሃዝ ሞዴሉን ይነግርዎታል፤ 7 ከሆነ የ1967፣ 8 ከሆነ የ1968 ሞዴል ናት፣ ሁለቱም በአውሮፓ አቆጣጠር። ቁጥሩ በሊብሬው ላይ ካለው በአንድ አሃዝ እንኳ ቢለይ፣ ስም ለማዛወር ሲሄዱ አብረው ያመልክቱ።