ከሼፊልድ የተነሣው ባንድ

ጥያቄ፦ አርክቲክ መንኪስ የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ትልቅ አሳታሚ ሳይደግፈው እንዴት ዝነኛ ሊሆን ቻለ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በሼፊልድ ከተማ የተመሠረተው ይህ ባንድ የሙከራ ቅጂዎቹን በሲዲ እያባዛ ሥራውን በሚያቀርብባቸው መድረኮች ለታዳሚው በነፃ ያድል ነበር፤ አድማጮቹም ዘፈኖቹን በኢንተርኔት ስለተቀባበሏቸው፣ አልበም ከመውጣቱ በፊት ሕዝቡ ግጥሙን በቃሉ ይዞ ከድምፃዊው ከአሌክስ ተርነር ጋር ያዜም ጀመር። እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝም ይኸው ነው። በ2005 ዶሚኖ ከተባለ ገለልተኛ አሳታሚ ጋር ተዋዋሉ፤ በጃንዋሪ 2006 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው በብሪታንያ በአንድ ሳምንት ብቻ ከ360,000 ቅጂ በላይ ተሸጠ። ዘፈኖቹ የጭፈራ ቤት በር ጠባቂዎችንና የሌሊት ታክሲ ጉዞን በራሳቸው በሼፊልድ አነጋገር የሚተርኩ በመሆናቸው፣ የከተማው ወጣት የገዛ ቅዳሜ ምሽቱን ሰምቶባቸዋል።