የጭቃ ግድግዳና የልጅ ሥዕል

ፍኖተ ሰላም ያለሽው እህቴ፣ «ልጄ በቀን አምስት ሥዕል ትሥላለች፣ ፍሬም ቤት የጠሩልኝ ዋጋ አስደነገጠኝ፣ ቤታችን ደግሞ የጭቃ ነው፣ ምን ላድርግ?» ብለሻል። እኔም ደብረ ማርቆስ በጭቃ ቤት ሁለት ልጆች አሳድጋለሁ። ያበላሸሁትን ልንገርሽ፤ ከእሱ ትማሪያለሽ።

መጀመሪያ ዱቄት በውኃ አፍልቼ ሙጫ ሠራሁና የትልቁን ልጄን ሥዕል ቀጥታ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ሚያዝያ ላይ ያምር ነበር። ሐምሌ ሲገባ ግድግዳው እርጥበት ሳበ፣ ወረቀቱ ሻገተ፣ የተረፈውን አይጥ በላችው። ልጁ «አይጥም ሥዕል ትወዳለች እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። የዘጌው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎችም እኮ በጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው ብዬ ልከራከር ነበር። ያ ግን በክቡ ቤተ ክርስቲያን መሀል ያለ የመቅደስ ግድግዳ ነው፤ ዝናብ የት ያገኘዋል? የኔ ግድግዳ ጀርባው ውጭ ነው።

ስለዚህ ሥዕሉና ግድግዳው አይነካኩ። ፍሬም ውስጥ ብታስገቢውም ከጀርባው በታች በኩል ሁለት የለስላሳ ቆርኪ በኮላ ለጥፊ። በመሀል አየር ያልፋል።

ሁለተኛው ጥፋቴ መስታወት ነው። በክራዮን የተሣለች ላም ነበረች። መስታወቱን በላይዋ ጫንኩና መስኮት ፊት ለፊት ሰቀልኳት። ከወራት በኋላ ልቀይራት ስከፍት ክራዮኑ በፀሐይ ቀልጦ ኖሮ የላሟ ግማሽ መስታወቱ ላይ ቀረ። ልጄ አለቀሰ፤ እኔም ለማልቀስ ምንም አልቀረኝ።

መድኃኒቱ ካርቶን ነው። የሱቅ ካርቶን መሀሉን እንደ መስኮት ቆርጠሽ በሥዕሉና በመስታወቱ መሀል ታስገቢያለሽ። ኤ4 ወረቀት 21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ መስኮቱን 20 በ28.7 አድርጊው፤ በየጎኑ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይይዝልሻል። በማስመሪያና በአዲስ ምላጭ ቁረጪ፣ በመቀስ ከሆነ ይንሻፈፋል። ፊቱን ነጭ ወረቀት አልብሺው። ያኔ ተራ ጭረት እንኳ የኤግዚቢሽን ሥዕል ይመስላል። እውነቴን ነው፣ ከፍሬሙ ይልቅ የሚያሳምረው ይኼ ነጭ ዳር ነው።

ለፍሬሙ እንጨት አናጺ ቤት ሄደሽ የተቆራረጠ ሊስትሎ፣ ማለትም ቀጭን ጣውላ፣ ጠይቂ፤ ብዙ ጊዜ ለማገዶ ነው የሚሰጡት። ማዕዘኑን በ45 ዲግሪ ልቁረጥ ብለሽ አትድከሚ። እኔ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቴም ተከፈተብኝ። ቀጥ አድርገሽ ቁረጪና ጫፍ ለጫፍ አጋጥመሽ በኮላና በቀጭን ምስማር ያዢው። መስታወት ቆራጮች ዘንድ ከመስኮት የተረፈ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ቁራጭ አይጠፋም፣ ልኩን ብቻ ጽፈሽ ውሰጂ። ካጣሽ ደብተር የሚለበድበት ንጹሕ ላስቲክ ይበቃል። ላሚኔት ግን አታስደርጊ፤ በሙቀት ስለሚሠራ ክራዮኑን ያቀልጠዋል።

ጀርባውን በሙጫ አትዝጊው። ትንንሽ ምስማር መትተሽ ጎንበስ አድርጊያቸው፣ ሲያስፈልግ ይከፈታል። እኛ ያለን ሁለት ፍሬም ብቻ ነው። እሑድ ማታ ሥዕል እንቀይራለን፣ የድሮው እዚያው ከአዲሱ ኋላ ይቀመጣል። ጀርባው ላይ ስምና ቀን በእርሳስ ጻፊ፣ በማርከር ከሆነ ወደ ፊት ይተላለፋል።

ጭቃ ላይ ምስማር አይቆምም። ግድግዳውን በጣትሽ እያንኳኳሽ ድምፁ የሚወፍርበትን ፈልጊ፣ ቋሚው እዚያ ነው። ለቀሩት ሥዕሎች ከቋሚ ወደ ቋሚ ሲባጎ ወጥሪና በልብስ መቆንጠጫ ስቀያቸው። ከመስኮት ግን ይራቁ፤ የማርከር ቀለም ፀሐይ አይችልም። እናቴ ይኼን ስትሰማ «የቤተ ክርስቲያኑስ ሥዕል መጋረጃ አለው አይደል? ጋርዱለታ!» አለች። ሳቅንባት፣ በኋላ ግን ከነጠላ ቅዳጅ ሠርታ ሰቀለችው።

የትኛውን ልምረጥ ላልሽው፣ ምርጫውን ለልጅሽ ተይላት። እኔ ቤትና ዛፍ ያለበትን መርጬ ነበር። ታናሿ ግን አንድ ክብ ብቻ ያለበት ወረቀት ይዛ መጣች። «ምንድን ነው?» ስላት «ድፎ ዳቦ!» አለችኝ። አሁን ሳሎን የተሰቀለው ድፎው ነው።