የሥዕልና የፎቶ መጽሐፍ ለምታሳትሙ፦ ከማተማችሁ በፊት ሽጡት

በየሰው አገር ሆናችሁ የሥዕልና የፎቶግራፍ መጽሐፍ ማሳተም የጀመራችሁ ወገኖች፣ የመጀመሪያው መጽሐፍ ተሸጦ ሲያልቅ «ዘንድሮ አራት እናውጣ» ማለት ይመጣል። ቆም በሉ። በዚህ ሥራ ብዙዎች የሚወድቁት ገዢ አጥተው ሳይሆን ገንዘቡ ስለሚዘገይባቸው ነው። ማተሚያ ቤቱ ቀብድ ይቀበላል፤ ቀሪውንም ብዙ ጊዜ መጽሐፉ ሳይጫን ይጠይቃል። መርከቡ ሳምንታት ይፈጃል። አከፋፋዩ ከሽፋኑ ዋጋ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ቆርጦ፣ ያውም ወራት ቆይቶ ይከፍላል። ያልተሸጠው ደግሞ ጥጉ ተጎድቶ ይመለስላችኋል። በአንድ መጽሐፍ የተቻለው ክፍተት በአራት አይቻልም። የሽፋኑ ዋጋ ከአንዱ ቅጂ የማተሚያ ወጪ 5 እጥፍ ካልሆነ ባትጀምሩት ይሻላል።

መውጫው የጋራ እትም ነው፦ አንዱን መጽሐፍ የተለያዩ አገር አሳታሚዎች በየቋንቋቸው፣ ግን አንድ ላይ ያሳትሙታል። እ.ኤ.አ. በ1949 የተመሠረተው የሥዕል መጻሕፍት አሳታሚ ቴምዝ ኤንድ ሃድሰን ስሙን የለንደንና የኒውዮርክ ወንዞች ላይ ያደረገው በሁለቱ ገበያ ለመሸጥ አስቦ ነው። ባለቀለም ኅትመት ውድ ስለሆነ ወጪውን የየአገሩ አሳታሚዎች ይካፈሉታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሥዕሎቹ በአራት ፕሌት (ለየቀለሙ በሚዘጋጅ የማተሚያ ሰሌዳ) ይታተማሉ፦ ሲያን (ውሃ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ደማቅ ሐምራዊ ቀይ)፣ ቢጫና ጥቁር። ጽሑፉ በሙሉ በጥቁር ብቻ ከሆነ ቋንቋ ሲቀየር የሚለወጠው የጥቁሩ ፕሌት ብቻ ነው። 2,000 በእንግሊዝኛ፣ 1,500 በጀርመንኛ፣ 1,000 በአማርኛ በተከታታይ ብታሳትሙ የማሽን ማዘጋጃው ወጪ ለ4,500 ይካፈላል። ይህን ሁሉ የሚያበላሸው ዲዛይነሩ ነው፦ ፎቶ ላይ ነጭ ርዕስ ያስቀምጣል፣ ወይም አርዕስቶቹን ቀይ ያደርጋል። ያኔ ሌሎቹም ፕሌቶች ይቀየራሉ፣ ትርፉም እዚያው ይቀራል። ጽሑፉ በፋይሉ ውስጥ ለብቻው ንብርብር ላይ ይቀመጥ። ጀርመንኛ ከእንግሊዝኛ ይረዝማል፤ የእኛ ፊደል ደግሞ በመስመሮች መካከል ሰፋ ያለ ቦታ ይወዳል። ከእያንዳንዱ የጽሑፍ ቦታ ሩብ ያህሉን ባዶ ተዉት።

ለአጋሮች የምታሳዩት በትክክለኛው ወረቀትና ሽፋን የተጠረዘ ባዶ መጽሐፍና 16 የታተሙ ገጾች ነው። ገዢው ክብደቱንና አከፋፈቱን በእጁ ማየት ይፈልጋል። ጥቅምት ላይ የሚካሄደው የፍራንክፈርት የመጻሕፍት ዐውደ ርዕይ የዚህ ሥራ ዋና ገበያ ነው። ከእያንዳንዱ አጋር ሲፈረም የሚከፍለውን ሲሶ ተቀበሉ፤ የማተሚያ ቤቱ ቀብድ የሚከፈለው ከዚያ ነው።

ፈቃዱን ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ጨርሱ። ሥዕሉን የገዛ ሰው የማባዛት መብቱን አልገዛም፤ ያ መብት የሠዓሊው ወይም የወራሾቹ ነው፣ ሥዕሉን ፎቶ ያነሳውም የራሱ መብት ሊኖረው ይችላል። ፈቃዱ ቋንቋን፣ አገርን፣ የቅጂ ብዛትንና የሽፋን አጠቃቀምን በስም ይጥቀስ። «ለእንግሊዝኛ እትም» ብቻ የሚል ወረቀት ከጀርመኑ አጋር ጋር ያጣላችኋል።

ወረቀት ላይ አትቸኩሉ። 24 በ30 ሳንቲሜትር የሆነ ባለ240 ገጽ መጽሐፍ በካሬ ሜትር 150 ግራም በሚመዝን ወረቀት፣ ውስጡ ብቻ ወደ 1.3 ኪሎ ይመጣል፤ 2,000ው ከነሽፋኑ ከ3 ቶን ያልፋል። መጽሐፍ የሚጠረዘው ከታጠፉ ትላልቅ ወረቀቶች (እጥፎች) ነው፤ 240 ገጽ ልክ 15 ባለ16 ገጽ እጥፍ ይሆናል፤ 244 ካደረጋችሁት ለአራት ገጽ ብላችሁ ተጨማሪ እጥፍ ትከፍላላችሁ። የወረቀቱ ክር (ጭረቶቹ የተኙበት አቅጣጫ) ከመጽሐፉ ጀርባ ጋር ትይዩ መሆኑን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ካልሆነ ገጹ ይጨማደዳል፣ መጽሐፉም ተዘርግቶ አይተኛም። ቀለም የሚመጥ ሻካራ ወረቀት ከመረጣችሁ ደግሞ ጥላው ይደፈናል፤ ጠይም ፊት ላይ ዓይንና ጉንጭ አንድ ጥቁር ይሆናሉ። ናሙና ስታስወጡ ከሁሉ የጨለመውን ፎቶ ስጡ፣ በምታትሙበት ወረቀት ላይ። በስክሪን አይታችሁ አትፈርሙ።

ውሉ ላይ የብዛት ልዩነትን የሚናገረውን አንቀጽም ፈልጉ። ማተሚያ ቤቶች ከታዘዘው በመቶኛ ከፍ ወይም ዝቅ አድርገው የማስረከብ መብት ይይዛሉ፤ ተጨማሪውንም ቅጂ ያስከፍላሉ። ጣሪያውን ሳትቆርጡ ለአጋሮቻችሁ የቅጂ ቁጥር ቃል አትግቡ።